ባዶውን የማይመለስ ሳህን

እማዋይሽ የዕረፍት ቀኗ በደረሰ ቁጥር ከቤቷ ሳትወጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

የምትኖረው አዳማ ውስጥ፣ ባለ አርባ ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ሃያ ሁለተኛው ፎቅ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱም የሚያየው ሌላ መስኮት። የምትሄድበት ቤት ግን ግቢ አለው። በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ የአጥሩ በር ሲከፈት ሲጥ ይላል፤ ከበሩ ፊት ለፊት ጎረቤት አለ። ወደዚያ ለመሄድ መነጽሯን አድርጋ፣ ጓንቷን አጥልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ይበቃታል። ጨዋታው «ደጃፍ» ይባላል። ደጃፍ የሚባል ነገር ከከተማው ከጠፋ በኋላ ይህን ስም ለገበያ ያወጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሰው ሆድ የቱ ጋ ሲነካ እንደሚባባ አሳምሮ ያውቃል።

የዛሬው ሐሙስ እንደ ሌላው ሐሙስ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከጨዋታው ባለቤቶች ማስታወቂያ መጥቷል። ነባሩ ሰፈር ስላረጀ ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈርሳል፤ ነዋሪዎች ወደ አዲሱ ሰፈር ከነዕቃቸው ይዛወራሉ፤ ጎረቤቶች ግን አይዛወሩም፤ በአዲሱ ሰፈር የተሻሻሉ ጎረቤቶች ተዘጋጅተዋል ይላል። «የተሻሻሉ ጎረቤቶች» የምትለዋን ካነበበች ወዲህ እማዋይሽ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ለቤቱ ብላ አይደለም። ቤት ሲፈርስባት የመጀመሪያዋ አይደለም። የጨነቃት የእትዬ ብርቄ ነገር ነው።

እሑድ ከተሻረ ሰንበትበት ብሏል። ማሽን እሑድን አያውቅም፤ የማሽን ጠባቂም እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። እማዋይሽ ከባሕር በር የሚመጣውን ጭነት የሚያራግፉ ማሽኖችን በስክሪን የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት። ዕረፍት በተራ ሲሆን ለሷ ሐሙስ ደረሳት፤ የሐሙስ ሰው ሆና ቀረች። ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥለው የሚጠያየቁት «የምን ቀን ነህ?» ነው። የሐሙስ ሴት የማክሰኞ ወንድ ካገባች ባልና ሚስቱ የሚተዋወቁት በጥርስ ብሩሻቸው ነው ተብሎ ይቀለዳል። የሕንፃው አስተዳደር ደግሞ አሳንሰሩ እንዳይጨናነቅ ብሎ የአንድ ቀን ሰዎችን አንድ መተላለፊያ ላይ አያኖርም። ስለዚህ እማዋይሽ የፊት ለፊት ጎረቤቷን አይታ አታውቅም። የምታውቀው ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ አመሻሹ ላይ የደከመ ጫማ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ሳል ይሰማል፣ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም። ማንኳኳትማ አይታሰብም። በር የሚንኳኳው ወይ ቃጠሎ ሲነሳ ነው ወይ ፖሊስ ሲመጣ።

እትዬ ብርቄን ግን ታውቃቸዋለች። በደጃፍ ውስጥ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ናቸው። ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ አንድ ዓይናቸው ጠበብ ያለ ነው፤ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። በጨዋታው ውል መሠረት በሰፈሩ ውስጥ ከእማዋይሽ በቀር ሰው የለም፤ ሁሉም የማሽን ሥራ ናቸው። እሷም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ አምና ኖራለች።

ደጃፍን የሠሩት ሰዎች ብዙ ነገር ተሳክቶላቸዋል። ዶሮው በሰዓቱ ይጮኻል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ በነፋስ ይወድቅና ጭቃ ነክቶት እንደገና ይታጠባል። አንድ ነገር ግን አምልጧቸዋል። ለጎረቤት ምግብ ሲላክ ጎረቤትየው ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ሳህኑን አጥቦ ባዶውን ይመልሳል። እማዋይሽ መጀመሪያ ያየች ዕለት «ይሄን የሠራው ልጅ ፎቅ ላይ ተወልዶ ፎቅ ላይ ያደገ መሆን አለበት» ብላ ብቻዋን ሳቀች። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሌላው ቢጠፋ ቁንጥር ጨው ጣል ይደረግበታል። ይህ ተጽፎ የሚነበብ ነገር አይደለም። የሚያውቀው፣ በልጅነቱ ባዶ ሳህን ይዞ ከበር ሲወጣ ከኋላው እናቱ «የት ነው ባዶውን!» ብላ የጮኸችበት ሰው ነው።

አምና ክረምት ላይ እትዬ ብርቄ ታመሙ ተባለ። ጨዋታው አልፎ አልፎ ጎረቤት ያሳምማል። እማዋይሽ ገንፎ አገንፍታ ወሰደችላቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሳህኑ ተመለሰ። መሀሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ነበረበት። ጨው ነበር።

ሳህኑን ይዛ ብዙ ቆመች። በደጃፍ ውስጥ ጨው ሳህን ላይ ተደርጎ ለሰው ሲሰጥ የሚያስገኘው ነገር የለም። ማሽኑ አላዘዘም፤ አያውቀውምና። ከወጥ ቤት ቆንጥሮ ያመጣው እናቱ የጮኸችበት ሰው ነው።

በሥራ ቦታ ነገሩን አነሳች ጣለችና በመጨረሻ አንድ የድሮ ባልደረባዋ ሹክ አላት። አንዳንዱ ጎረቤት ውስጥ ሰው አለ። ማሽኑ ከደንበኛው ሆድ መግባት ሲያቅተው፣ ከማሽኑ ይልቅ በርካሽ የሚቀጠር ሰው በፈረቃ ይቀመጥበታል። ሥራው ጎረቤት መሆን ነው። እማዋይሽ ቀንታ ይሁን አዝና ሳታውቀው «ምን ዓይነት ሥራ ነው ደግሞ!» አለች። እንግዲህ እትዬ ብርቄ ደሴ ያለች የሦስት ልጆች እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ሐዋሳ ያለ ጢማም ጎረምሳም ሊሆኑ ይችላሉ። ማንነታቸውን መናገር አይችሉም፤ ማሽኑ ያዳምጣል። ከገጸ ባሕርዩ ሕይወት ውጭ የሆነ ነገር ሊናገሩ ከጀመሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን በራሳቸው ድምፅ የተተካ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁልጊዜም አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሁሉ ሳህን ይመላለሳል። ሦስት ቃሪያ፣ አንድ ዕንቁላል፣ ጭብጥ የማትሞላ ሽምብራ። እማዋይሽ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እህል የሚበላ ሰው በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን እየኖረ ስድስት ቀን መጠበቅ ይችላል ብትባል ድሮ አታምንም ነበር። አሁን ትችላለች።

ዛሬ ጠዋት መነጽሯን አድርጋ ስትገባ ሰፈሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ጠበቃት። ዶሮው ጮኸ። ግቢዋን ጠረገች። ጎመኑን ውኃ አጠጣች፤ ነገ የሚያየው የለም፣ እሷ ግን አጠጣችው። ባለ ሱቁ ሰላምታ ሰጥቷት «ለነገ ትኩስ ዳቦ አስቀምጥልሻለሁ» አላት። ከታች በኩል ያሉት ባልና ሚስት እንደ ሁልጊዜው ስለ አጥር ይጨቃጨቃሉ፤ በሚመጣው ሳምንት ግንበኛ ሊጠሩ ተስማሙ። ማንም አልነገራቸውም። እማዋይሽ ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ለማን ብላ ወደ ግቢዋ ተመለሰች።

የእትዬ ብርቄ በር ተዘግቷል።

ረፋዱ አለፈ፣ በሩ አልተከፈተም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ መነጽሯን አውልቃ ከግድግዳው ማደያ የወጣውን የታሸገ ምግብ ቆማ በላች፤ ጣዕሙን ብትጠየቅ አታውቀውም። ሳታስበው ዓይኗ ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚያ፣ የአሰላ ዘመዶቿ ከላኩላት በሶና ንጥር ቅቤ አጠገብ፣ ጠርዙ የተላጠ ባለ ቀይ አበባ የብረት ሳህን አለ። የእናቷ ቅርስ ነው እንዳይባል የእናቷ አይደለም። የእትዬ ሙሉሸዋ ነው።

ያደገችበት ሰፈር ሲፈርስ እማዋይሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እትዬ ሙሉሸዋ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ በመጨረሻው ሳምንት በዚያ ሳህን ጨጨብሳ ላኩላቸው። እናቷ «ነገ አንድ ነገር ሠርቼበት ነው የምመልሰው» አለች። በነጋታው የጭነት መኪናው መጣ። አንዱ ቤተሰብ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ዕጣው እንደወጣለት ተጫነ። እናቷ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም «ሙሉሸዋን ያየ አለ?» እንዳለች ኖራ ሞተች። በዚያ ሳህን አንድ ቀን አልበላችበትም፤ «የሰው ሳህን ነው» ትላለች። ሳህኑን ባየች ቁጥር ፊቷ ላይ የሚመጣውን እፍረት እማዋይሽ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች። ዛሬም ደግሞ ሊደገም ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ጎረቤቷን ሳትሰናበት ልትበተን ነው፤ በዚህኛው ጊዜ የእውነት ስማቸውን እንኳ ሳታውቅ።

ተመልሳ ስትገባ ፀሐይዋ አዘንብላለች። እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። እማዋይሽ መንገዱን ተሻግራ እንደ ልጅ ሮጠች።

«እትዬ ብርቄ! ከጠዋት ጀምሮ እኮ ነው የምጠብቅዎት!»

«መጣሁ፣ መጣሁ እማዋይ። በሩ እንቢ ብሎኝ ነው።»

በደጃፍ ውስጥ በር እንቢ አይልም። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው ዛሬ መግባት አይቻልም ተብሎ፣ ለምኖ ገብቶ ይሆናል። እማዋይሽ ጎናቸው ተቀመጠች። እጃቸውን አየች። ባለፈው ሐሙስ ዳቦ የላከችበትን ሳህን አልያዙም። ሁልጊዜ ይዘውት ነበር የሚጠብቋት። ቅር አላት፤ በዚህ ቀን ሳህን ማሰቧ ደግሞ አሳፈራት።

«ሰፈሩ ሊፈርስ ነው አሉ» አለች።

«አዎ፣ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎስ ወዴት ሊሄዱ ነው?»

እትዬ ብርቄ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ረጅም ነገር ተናገረ፤ እጃቸውም አብሮ እያስረዳ ነበር። የተሰማው ግን «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» የሚል ብቻ ነው።

«የእውነት ስምዎት ማነው?»

«ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ።»

«የየት አገር ሰው ነዎት? ልጆች አሉዎት? እባክዎት፣ አንድ ነገር ብቻ!»

«ዝናቡ ዘገየ። ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ። ዘንድሮ…»

ድምፁ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የማይቸኩል፣ የማይሰበር። እጃቸው ግን ነጠላቸውን አንስቶ ዓይናቸውን ጠረገ። ደጃፍ ውስጥ እንባ የለም፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረም። እማዋይሽ ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተወችው። ሰውን እንዲህ ማስጨነቅ ነውር መሰላት። ከፊታቸው ያለው መንገድ ቢጫ እየሆነ መጣ፤ ባለ ሱቁ መዝጊያውን ዝቅ አደረገ።

ከዚያ ስለ እትዬ ሙሉሸዋ ሳህን ነገረቻቸው። ለማንም ተናግራው አታውቅም። ጨጨብሳውን፣ መኪናውን፣ እናቷ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ስትጠይቅ መኖሯን፣ የሞተችም ዕለት ሳህኑ መደርደሪያው ላይ እንደነበር። «እናቴን እኮ ያ ሳህን ነው ያስረጃት» አለች። «ዕዳ ነበር የሚመስላት። እኔም ዕዳውን ወርሼ ይኸው ተሸክሜዋለሁ። አሁን ደግሞ እርስዎ ሊሄዱብኝ ነው። የማላውቀው ሰው ይናፍቀኛል ብዬ ለማን እነግራለሁ?»

እትዬ ብርቄ ፀሐይዋን አዩ፤ የቆርቆሮው አጥር ጫፍ ላይ ደርሳለች። ቀጥሎ ሲናገሩ ቃላቸውን እየመረጡ፣ ሽቦ ላይ እንደሚራመድ ሰው እየተጠነቀቁ ነበር።

«ያንቺ ሳህን እኔ ዘንድ ነው።»

እማዋይሽ ዝናቡን ጠበቀች። ዝናቡ አልመጣም። ማሽኑ የሰማው ስለ ሳህን ነው፤ ሳህን ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ያለ ዕቃ ነው።

«የዳቦሽ ሳህን» አሉ እትዬ ብርቄ። «አጥቤዋለሁ። ላመጣው ብዬ ከበር ተመለስኩ። አልሰጥሽም።»

«ለምን?»

«የማደርግበት ነገር የለኛ! ባዶውን ልስጥሽ? እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትጮኽብኛለች።» አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «እና እኔ ዘንድ ይቆይ። ሳህኑ እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ አልተለያየንም። አንቺ ሳህን አለኝ ትያለሽ፣ እኔ የሰው ሳህን አለብኝ እላለሁ። እናትሽም እኮ የነበረባት ዕዳ አልነበረም፣ እማዋይ። ጎረቤት ነበራት።»

እማዋይሽ መልስ ልትሰጥ ስትል ዶሮው ጮኸ። በማታ ጮኾ አያውቅም፤ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የመንገዱ ጫፍ ከወዲያ ማዶ ጀምሮ መጥፋት ጀመረ፤ በመጀመሪያ ሱቁ፣ ቀጥሎ የተጨቃጫቂዎቹ አጥር። እትዬ ብርቄ እጇን ያዙት። ጓንቱ ውስጥ ትንሽ ሙቀት ተሰማት፤ ጓንቱ ሁልጊዜ የሚሰጠው ሙቀት ነው፣ የማንንም እጅ ቢይዙ አንድ ነው። ያም ሆኖ ጨብጣ ያዘችው። ከዚያ ከፊቷ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ ወደ አዲሱ ሰፈር ለመግባት እጅዎን ያንሱ ይላል።

እጇን አነሳችና መነጽሯን አወለቀች።

ክፍሏ ደንገዝገዝ ብሏል። የአዳማ ነፋስ መስኮቱን ይገፋል። እማዋይሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ የተሻሻሉ ጎረቤቶቿ በነጩ ጽሑፍ ማዶ ተሰልፈው እየጠበቋት ነው፣ ይጠብቁ። ናፍቆት እንደ ርሃብ ነው ይላሉ፤ የራበው ሰውስ ቢያንስ ምን እንደራበው ያውቃል። እሷ የናፈቃት ሰው መልክ የለውም። ጢም ይኑረው ቀሚስ ይልበስ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ የሌለ ሳህን ይዞባታል።

ከውጭ የደከመ ጫማ መጣ። ሁለት ጊዜ ሳል ተሰማ። በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

እማዋይሽ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች ራሷም በቅጡ አላወቀችም፤ እጇ ግን ወደ መደርደሪያው ሄዶ ነበር። በሶውን አወረደች። ቅቤውን አለሰለሰችው። ጭኮ እሳት አይፈልግም፤ ይህ ሕንፃ ከእናቶቿ ሙያ ውስጥ የሚፈቅደው እሱን ብቻ ነው። በሶውን በቅቤ እያሸች፣ ጨውና ቅመሙን እየጨመረች እስኪያያዝ ድረስ በእጇ ለወሰችው። ጓንት የሌለው እጇ እስከ አንጓው ቅቤ ሆነ፤ ክፍሉን የኮረሪማ ሽታ ሞላው። ከዚያ የእትዬ ሙሉሸዋን ሳህን አውርዳ አቧራውን አጠበች። «የሰው ሳህን ነው» አለች እናቷ በጆሮዋ። «አዎ» አለቻት እማዋይሽ፣ «ለሰው ነው የምሰጠው።»

መተላለፊያው ላይ ማንም የለም። ከበሯ እስከ ፊት ለፊቱ በር ያለው መንገድ ያን ያህል አይደለም፤ ሳህኑን ይዛ ተሻገረችው። አንኳኳች። ከውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው አሁን ስለ ቃጠሎና ስለ ፖሊስ እያሰበ እንደሆነ ገባት።

«ማነው?» አለ የሴት ድምፅ፣ ከበሩ በስተጀርባ።

እማዋይሽ ስሟን ልትናገር ነበር። ሌላ ቃል ወጣት፤ ከተናገረችው ዘመን ያለፈው።

«ጎረቤት ነኝ።»

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት፤ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። መጀመሪያ እማዋይሽን፣ ቀጥሎ ሳህኑን፣ እንደገና እማዋይሽን አየች።

«ችግር አለ?»

«የለም የለም፣ ምንም የለም። ጭኮ ነው። ሲያስልሽ ስለምሰማ… እንዲያው ብቅ ልበል ብዬ ነው። የሐሙስ ሰው ነኝ። ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?»

ሴትየዋ አፏን ከፈተች። እማዋይሽ ዝናቡ እንዳይመጣ ፈራች።

«ትርሐስ» አለች ሴትየዋ። «የማክሰኞ ነኝ።»

ሰንሰለቱ ተንቃጭሎ ወረደ። ትርሐስ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አሸተተችውና ዓይኗን ጨፈነች፤ ለትንሽ ጊዜ አዳማ ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ እንደ ነቃ ሰው ወደ ውስጥ ዞር አለች።

«ሳህንዎትን አሁን ልገልብጥልዎት?»

«አይ፣ ተይው። አንቺ ዘንድ ይቆይ።»

«እንግዲያው ሳልቆይ እመልስልዎታለሁ» አለች ትርሐስ፤ ሳህኑን አየት አድርጋ ፈገግ አለች፣ ልክ አብረው እንዳደጉ ሰዎች። «ግን የማደርግበት እስካገኝ ይታገሱኝ። ባዶውን ከመለስኩልዎትማ እናቴ ካለችበት ትጮኽብኛለች።»